ለየትኛው ምግብ የትኛው የጃፓን ሳህን? ከመግዛት በፊት የሚመዘኑ ነገሮች

የጃፓን ሳህን የተደረደረበት ሱቅ የገባ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ሥዕሉና ቀለሙ ላይ ነው። ሰማያዊ አበባ የተሣለበት፣ አፈር የመሰለ ቡናማ፣ ጥቁር አራት ማዕዘን፣ በቅጠል ቅርጽ የተሠራ፤ ሁሉም ያምራል። ችግሩ የሚመጣው ምግብ ሲቀርብበት ነው። የዓሣው ጭራ ከሳህኑ ውጭ ይንጠለጠላል፤ ቶፉው (ከአኩሪ አተር የሚሠራው አይብ መሰል ምግብ) የለቀቀው ውሃ ጠረጴዛው ላይ ይፈሳል፤ አዲሱ ቡናማ ሳህን በመጀመሪያው ቀን ሶያ ሶስ ጠጥቶ የማይለቅ ጥቁር ነጥብ ይይዛል። ዕቃው መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ ያለ ሥራው ገብቶ ነው።

የተለመደው የጃፓን ገበታ ሩዝ፣ ሾርባ፣ አንድ ዋና ምግብና ሁለት ትናንሽ ምግቦች አሉት። ኢቺጁ ሳንሳይ ይሉታል። እያንዳንዱ ምግብ በየራሱ ዕቃ ይቀርባል። ቢላ ገበታ ላይ አይወጣም፤ በቾፕስቲክ ይበላል፤ የሩዙና የሾርባው ዕቃ ደግሞ በእጅ ተነሥቶ ወደ አፍ ይጠጋል። ስለዚህ በአሜሪካና በአውሮፓ የለመድነው 27 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ትልቅ ዝርግ ሳህን እዚህ መነሻ አይሆንም። ሙሉ ስብስብ በአንድ ጊዜ መግዛትም አይመከርም፤ ከስብስቡ ግማሹ ቡፌ ውስጥ ተቀምጦ ይቀራል። የሚያዋጣው ቤት ውስጥ በሳምንት ውስጥ በእርግጥ የሚበላውን ምግብ ዘርዝሮ፣ ለእያንዳንዱ የሚስማማውን መርጦ፣ ቀስ በቀስ መሰብሰብ ነው።

በምን እንመዝን

መጀመሪያ የሚጠየቀው ምግቡ ምን ይለቃል የሚለው ነው። ውሃ? ዘይት? እንፋሎት? አጥንት? እንደ ተጠቀለለ እንቁላል ወይም የሩዝ ኳስ ያለ ደረቅ ነገር ከሆነ ዝርግ ሳህን ይበቃዋል። ትንሽ ውሃ የሚለቅ ከሆነ፣ ለምሳሌ ቶፉ ወይም ሳሺሚ (ተቆርጦ የሚቀርብ ጥሬ ዓሣ)፣ ጠርዙ ከ1.5 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ ሳህን ያስፈልጋል። መረቅ ውስጥ የሚቀመጥ ከሆነ ከ4 ሴንቲ ሜትር በላይ የጠለቀ ጎድጓዳ ሳህን ነው የሚሆነው። ብዙ ገዢ የሚሳሳተው በስፋት ሳይሆን በዚህ ጥልቀት ነው፤ ከላይ የተነሣ ፎቶ ጥልቀትን ይደብቃል። በኢንተርኔት የሚገዙ ከሆነ ከስፋቱ ቀጥሎ የተጻፈውን የከፍታ ቁጥር ሳያዩ አይዘዙ።

ቀጥሎ ስፋቱ ይመጣል። ጃፓኖች ሳህን የሚለኩት በሱን ነው፤ አንድ ሱን 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። 3 ሱን ወይም 9 ሴንቲ ሜትር ድረስ ያለው ማሜዛራ ይባላል። ከ12 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ያለው ኮዛራ፣ ከ18 እስከ 21 ያለው ቹዛራ፣ ከ24 ጀምሮ ያለው ኦዛራ ነው። 10 ሱን አንድ ሻኩ ስለሚሆን 30 ሴንቲ ሜትሩን ሳህን ሻኩዛራ ይሉታል። በጃፓን አቀራረብ ምግቡ የሳህኑን ሁለት ሦስተኛ ያህል ይይዝና ቀሪው ባዶ ይተዋል። ስለዚህ ከምግቡ ልክ አንድ ደረጃ ሰፋ ያለውን ይምረጡ። በ15፣ በ21 እና በ24 ሴንቲ ሜትር ክብ ወረቀት ቆርጦ ጠረጴዛው ላይና ቡፌው ውስጥ አስቀምጦ ማየት ምንም አያስወጣም፤ ከብዙ ጸጸት ግን ያድናል።

ከዚያ በኋላ ሦስት ነገሮች ይጠየቃሉ፦ በእጅ ይያዛል ወይስ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል? ማይክሮዌቭና የሳህን ማጠቢያ ማሽን ይገባል? በላዩ ሌላ ይደረደርበታል? ክብ ሳህን ይደራረባል፤ የቅጠልና የአበባ ቅርጽ ያለው አንዱ ብቻውን የአራት ሳህን ቦታ ይይዛል። ሥዕልና ቀለም የሚመረጠው ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው።

ከምን ተሠራ?

ፖርሲሊን። ከተፈጨ ድንጋይ ተሠርቶ 1,300 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይተኮሳል። ነጭ ነው፣ ቀጭን ይሆናል፣ በጥፍር ሲመታ ጥርት ያለ ድምፅ ያወጣል፣ ውሃና ሽታ አይመጥም። በጃፓን የፖርሲሊን ሥራ የተጀመረው በኪዩሹ ደሴት፣ በሳጋ አውራጃ ባለችው አሪታ ነው። በአካባቢው ወግ መሠረት የኮሪያው ሸክላ ሠሪ ዪ ሳም-ፕዮንግ ተስማሚውን ድንጋይ ያገኘው በ1616 ነው። ዕቃው ይጫን የነበረው ከኢማሪ ወደብ ስለነበር በውጭ አገር ኢማሪ የሚለው ስም ተለምዷል። ጎረቤቷ ሃሳሚ ዛሬ በዋናነት የዘወትር ዕቃ የምታመርት ናት፤ ቀለል ያለ ንድፍና መጠነኛ ዋጋ የሚፈልግ ሰው እዚያ ያገኛል። በኤሂሜ አውራጃ የሚሠራው ቶቤ ወፈር፣ ከበድ ያለና ቶሎ የማይሸረፍ ነው፤ ልጆች ላሉበት ቤት የምመክረው እሱን ነው።

ፖርሲሊን ሲገዙ አንድ ነገር ይለዩ፦ ሥዕሉ ከመስታወታማው ልባስ ሥር ነው ወይስ ከላዩ? ሰማያዊው ሥዕል በአብዛኛው ከልባሱ ሥር ስለሆነ የፈለገው ቢታጠብ አይለቅም። ኩታኒ በሚባለው ዓይነት ላይ የሚታዩት ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫና ሐምራዊ ቀለሞች ግን ከልባሱ በላይ የተቀቡ ናቸው። ጣትዎን ሲያሳልፉበት ቀለሙ ትንሽ ከፍ ብሎ ከተሰማዎት ይህ ዓይነቱ ነው። በማሽን ሲታጠብ ውሎ አድሮ ይደበዝዛል፣ በሻካራ ስፖንጅ ይፋቃል። ወርቅ ወይም ብር የተቀባ ከሆነ ማይክሮዌቭ ውስጥ ብልጭታ ያወጣል፤ ፈጽሞ አይገባም።

ሸክላ። ከፖርሲሊን ባነሰ ሙቀት የሚተኮስ፣ ወፍራም፣ ሲመታ ድፍን ድምፅ ያለው ነው። ሙቀት ቀስ ብሎ ስለሚያስተላልፍ ትኩስ ምግብ ቶሎ አይበርድበትም፣ ሲይዙትም እጅ አያቃጥልም። በጊፉ አውራጃ ያለው የሚኖ አካባቢ የጃፓንን የሴራሚክ ገበታ ዕቃ ግማሽ ያህል የሚያመርት ሲሆን፣ ኦሪቤ የሚባለው ከመዳብ የሚገኝ አረንጓዴ ልባስና ሺኖ የሚባለው ወተት መሰል ነጭ ልባስ መነሻቸው እዚያ ነው። በቶቺጊ ያለው ማሺኮ ወፈር ያለ፣ ያልተቆነጃጀ የቤት ዕቃ ነው። የያማጉቺው ሃጊ ለስላሳና ብዙ ውሃ የሚመጥ በመሆኑ ለሻይ የተወደደ ነው፤ ለዘይት ምግብ ግን አይሆንም።

የሸክላ ጉዳቱ መምጠጡ ነው። ልባሱ ላይ እንደ ሸረሪት ድር የሚታዩት ደቃቅ መስመሮች ካንዩ ይባላሉ፤ ስንጥቅ አይደሉም፣ ልባሱና አፈሩ ሲቀዘቅዙ እኩል ስለማይሰበሰቡ የሚፈጠሩ ናቸው። በእነሱ በኩል ግን ሻይ፣ ሶያ ሶስና ዘይት ይገባል። የአገራችን ድስትና ጀበና እንደሚሟሽ ሁሉ ይህም ይሟሻል። አሠራሩ ከታች አለ።

ልባስ የሌለው። በኦካያማ የሚሠራው ቢዘን ምንም ሳይቀባ በጥድ እንጨት እሳት ብዙ ቀን ይተኮሳል። ቡናማውና ቀዩ ምልክት የአመዱና ዕቃው የተጠቀለለበት የሩዝ ገለባ ሥራ ነው። ከሸክላው ይልቅ የጠነከረና ውሃ እምብዛም የማይመጥ ነው፤ ላዩ ግን ሻካራ ስለሆነ ዘይት ከያዘ ማስለቀቅ ያስቸግራል። ቅቤና በርበሬ የበዛበት ወጥ በዚህ ላይ ለማቅረብ የሚያስብ ካለ ይቅርበት።

ኡሩሺ የተቀባ እንጨት። ኡሩሺ ከዛፍ የሚፈስ ሙጫ ነው። የሚጠነክረው በእርጥበት ሲሆን፣ ዕቃው ብዙ ጊዜ እየተቀባ ይሠራል፤ ከኢሺካዋው ዋጂማና ከፉኩሺማው አይዙ የሚመጣው ስመ ጥር ነው። እንጨት ሙቀት ስለማያስተላልፍ ትኩስ ሾርባ የያዘ ዕቃ በባዶ እጅ ይያዛል። ማይክሮዌቭም ማሽንም አይገባም። ሲገዙ መለያ ወረቀቱን ያንብቡ ወይም ያስነብቡ፦ የሥሩ ዕቃ የተፈጥሮ እንጨት ነው፣ የእንጨት ዱቄት ከፕላስቲክ ጋር የተደባለቀበት ነው ወይስ ሙሉ በሙሉ ፕላስቲክ? ቅቡስ ኡሩሺ ነው ወይስ ዩሬታን የተባለው ሰው ሠራሽ ቅብ? ሁሉም በፎቶ አንድ ይመስላሉ፣ ዋጋቸው ግን በአሥር እጥፍ ይራራቃል። ዩሬታን የተቀባው አይናቅም፤ ማሽን ይችላል ተብሎ የተጻፈበትን ካገኙ ለዘወትር ይሆናል።

መስታወትና የቀርከሃ ሰፌድ የበጋ ዕቃ ናቸው፤ ለቀዝቃዛ ኑድልና ለቀዝቃዛ ቶፉ ይወጣሉ፣ ያለዚያ አይጠቅሙም።

ምግብ በምግብ

የተጠበሰ ዓሣ። ለዚህ የሚሆነው ረጅሙ አራት ማዕዘን ሳህን፣ ናጋዛራ ነው። በመጸው የሚበላው ሳንማ የተባለው ዓሣ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሚረዝም፣ ከነጭንቅላቱ ለማቅረብ ከ28 እስከ 32 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ሳህን ይፈልጋል። ለሳልሞን ወይም ለማከሬል ቁራጭ ከ20 እስከ 22 ይበቃል። ርዝመቱን ሁሉም ሰው ያስባል፤ የሚዘነጋው ወርዱ ነው። ዓሣው ጭንቅላቱ ወደ ግራ፣ ሆዱ ወደ ተመጋቢው ሆኖ ይተኛል፤ ዳይኮን የተባለው ረጅም ነጭ ሥር ተፈግፍጎ ከፊት በስተቀኝ ይቀመጣል። ተመጋቢው የላይኛውን ሥጋ ከጭንቅላት ወደ ጭራ በልቶ ሲጨርስ ዓሣውን አይገለብጥም፤ አከርካሪውን በቾፕስቲክ ያነሣና ከበስተኋላ ባለው የሳህኑ ጥግ አስቀምጦ የታችኛውን ይበላል። ስለዚህ ከዓሣው ሌላ ቢያንስ 4 ሴንቲ ሜትር ባዶ ወርድ ያስፈልጋል። 9 ሴንቲ ሜትር ወርድ ያላቸው ቀጫጭን ሳህኖች ሲታዩ ያማልላሉ፤ አጥንቱና ዳይኮኑ ግን ቦታ አጥተው ጠረጴዛው ላይ ይወድቃሉ። ከ12 በታች የሆነውን ይለፉት።

ልባስ ያለው ይሁን። የዓሣ ዘይትና የተቃጠለ ቆዳ ልባስ በሌለው ላይ ሽታ ይተዋል። ጠርዙ ትንሽ ቀና ያለውን ከመረጡ ዘይቱ አይፈስም፣ የመጨረሻውን ቁራጭ በቾፕስቲክ ለመያዝም መደገፊያ ይሆናል። ናጋዛራ ለዓሣ ብቻ አይደለም፤ ሱሺ፣ በስንጥር የተጠበሰ ዶሮ፣ ጣፋጭም ይቀርብበታል። ጠባብ ጠረጴዛ ላይ ከክብ ይልቅ ቦታ ይቆጥባል።

ሳሺሚ። ጥሬ ዓሣ ቀዝቅዞ መቅረብ አለበት፣ ከሥሩ የሚነጠፈው የተከተፈ ዳይኮንም ውሃ ይለቃል። ስለዚህ ጠርዙ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ቀና ያለ ፖርሲሊን፣ ለአንድ ሰው ከ15 እስከ 18፣ ለሦስትና ለአራት ሰው ከ24 ጀምሮ። ሳህኑን 10 ደቂቃ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጠው ያውጡት፤ ፖርሲሊን ቶሎ ይቀዘቅዛል። ቀዩ ቱና በጥቁርና በሰማያዊ ላይ ደምቆ ይታያል፤ ነጩ ዓሣ በንጹሕ ነጭ ሳህን ላይ ይጠፋል። ቢዘንም ለሳሺሚ ያምራል፤ ነገር ግን ቀድሞ ውሃ ውስጥ ተነክሮ ላዩ ተጠራርጎ መቅረብ አለበት። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ 8 ወይም 9 ሴንቲ ሜትር የሶያ ሶስ ማሜዛራ አይቀሬ ነው። እሱም ፖርሲሊን ይሁን፤ ሸክላ ማሜዛራ ከአንድ ወር በኋላ ሶያ ሶስ ይሸታል።

ቴምፑራና ሌላ ጥብስ። የጥብስ ጠላቱ እንፋሎት ነው። ቴምፑራ፣ ማለትም ቀጭን ሊጥ ለብሶ በዘይት የተጠበሰ አትክልት ወይም የባሕር ምግብ፣ በትኩሱ ለስላሳ ሳህን ላይ ሲያርፍ እንፋሎቱ መውጫ አጥቶ ከሥር ያለውን ሊጥ ያረጥበዋል፤ በአምስት ደቂቃ ውስጥ መንኮሻኮሹ ያበቃል። ስለዚህ ከሳህኑ ይልቅ በመካከሉ የሚገባው ነገር ይወስናል፦ የታጠፈ ዘይት መጣጭ ወረቀት ወይም የቀርከሃ መደብ። ሳህኑ ዝርግና ሰፊ፣ ከ21 እስከ 24 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ ቁርጥራጮቹ እንዳይደራረቡ ተደጋግፈው ይቁሙ። የመንከሪያው መረቅ 11 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ባለው ትንሽ ጎድጓዳ ይቀርባል። ለቶንካትሱ፣ ማለትም በዳቦ ፍርፋሪ ለተጠበሰ የአሳማ ሥጋ፣ ከጎኑ የሚከመር ጥቅል ጎመን ስላለ ከ24 እስከ 26 ያስፈልጋል፤ ሽቦ መደብ ያለው ሳህን ካገኙ የተሻለ ነው።

በመረቅ የበሰለ፣ ኒሞኖ። ድንችና ሥጋ፣ ዱባ፣ ዳይኮን በሶያ ሶስና ዳሺ በሚባለው የዓሣና የባሕር አረም መረቅ ሲበስል ሸክላ የሚያበራበት ቦታ ይህ ነው። ወፍራሙ ግድግዳ ሙቀት ይይዛል፣ ቡናማውና የኦሪቤ አረንጓዴው የደበዘዘውን የምግብ ቀለም ያነሣዋል። ለአንድ ሰው 14፣ ለመሀል ገበታ 18 ሴንቲ ሜትር ስፋትና ከ5 እስከ 6 ጥልቀት። በላይ ጠባብ፣ በታች ሰፊ የሆነውን አይውሰዱ፤ የተቀቀለ ድንች በቾፕስቲክ ሲያወጡት ጠርዙ ላይ ይፈርሳል።

ትናንሾቹ። ለተቀቀለ ስፒናች፣ በኮምጣጤ ለተለወሰ ዱባና ኪያር፣ ለኮምጣጣ አትክልት ከ9 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር ያለው ኮባቺ የሚባል ትንሽ ጎድጓዳ። እዚህ ነው ቀለም ማደባለቅ የሚፈቀደው፤ ሌሎቹ ዕቃዎች ጸጥ ካሉ አንድ ደማቅ ኮባቺ ገበታውን ያሳምረዋል። ለቀዝቃዛ ቶፉ ግን ኮባቺ ይጠበዋል፤ ጠርዙ ቀና ያለ 13 ወይም 15 ሴንቲ ሜትር ሳህን ይሻላል።

ሩዝና ሾርባ። እነዚህ በየቀኑ በእጅ ስለሚያዙ በኢንተርኔት ባይገዙ ይመረጣል። የሩዙ ጎድጓዳ ከ11 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር ሲሆን 150 ግራም ያህል የበሰለ ሩዝ ይይዛል። አውራ ጣት ከላይ ጠርዙ ላይ፣ ሌሎቹ ጣቶች ከመቀመጫው ሥር ሆነው ሲይዙት ሳይጨናነቅ መቀመጥ አለበት። ባዶውን ከ250 ግራም በላይ የሚመዝን ከሆነ ምግቡ ሳያልቅ እጅ ይደክማል። ሸክላ ቢሆን እጅ አያቃጥልም፤ ፖርሲሊን ቢሆን ሩዝ አይጣበቅበትም፣ ለመታጠብ ይቀላል። የሾርባው ዕቃ እንጨት ይሁን፤ በዚህ አልደራደርም። ለሚሶ (ከአኩሪ አተር ሊጥ የሚሠራ) ሾርባ ፖርሲሊን የገዛ ሰው ወይ ጣቱ ይቃጠላል ወይ በማንኪያ መጠጣት ይጀምራል። ክዳን ያለው ከሆነ ሾርባው ሲቀዘቅዝ ክዳኑ ይጣበቃል፤ አይጎትቱ፤ የዕቃውን ሁለት ጎን በእጅ ጫን ሲያደርጉት አየር ገብቶ ይለቃል።

ዶንቡሪ፣ ኑድል፣ ካሪ። ሩዝ ላይ ሥጋ ለሚደረግበት ዶንቡሪ ከ15 እስከ 17 ሴንቲ ሜትር፤ በብዙ መረቅ ለሚቀርበው ኑድል፣ ለራመን፣ ከ19 እስከ 21። ሁለቱን በአንድ ዕቃ ለማጣመር የሚፈልግ 18 ሴንቲ ሜትሩን ይውሰድ፣ ራመኑ ግን ትንሽ ይጨናነቃል። ካሪና ሩዝ በማንኪያ ስለሚበላ ከ22 እስከ 24 ሴንቲ ሜትር፣ ጠርዙ ቀጥ ብሎ የቆመ፣ 4 ሴንቲ ሜትር የጠለቀ ሳህን ይሻለዋል፤ ማንኪያው ግድግዳው ላይ ሲገፋ ሩዙ ይሰበሰባል። ካሪ ያቀልማል፤ ስለዚህ ፖርሲሊን። ሶባ ለተባለው ኑድል፣ ቀዝቅዞ ሲቀርብ፣ መንከሪያ የሚሆነው ሶባ ቾኮ የተባለው 8 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ኩባያ ለሻይም፣ ለቡናም፣ ለእርጎም፣ ለትንሽ ሰላጣም ስለሚሆን ከተገዛው ዕቃ ሁሉ ብዙ ጊዜ እጅ የሚገባው እሱ ነው።

በአንድ ዕይታ

| ምግብ | ቅርጽ | ስፋት (ሴ.ሜ.) | የሚመረጠው ቁስ | የተለመደው ስህተት |
|---|---|---|---|---|
| ሙሉ የተጠበሰ ዓሣ | ረጅም አራት ማዕዘን | 28–32 በ12+ | ልባስ ያለው ሸክላ ወይም ፖርሲሊን | ወርዱ መጥበብ |
| የዓሣ ቁራጭ | ረጅም አራት ማዕዘን | 20–22 | ከላይ እንዳለው | ልባስ የሌለው መግዛት |
| ሳሺሚ | ጠርዙ ቀና ያለ | 15–18፤ ለብዙ ሰው 24+ | ፖርሲሊን | ዝርግ መሆኑ፣ ውሃው መፍሰሱ |
| ሶያ ሶስ | ማሜዛራ | 8–9 | ፖርሲሊን | ሸክላ መሆኑ |
| ቴምፑራ | ዝርግ፣ ወረቀት ወይም ቀርከሃ ያለው | 21–24 | ማንኛውም | ያለ ወረቀት ማቅረብ |
| ኒሞኖ | ጎድጓዳ | 14 ወይም 18 | ሸክላ | አፉ መጥበብ |
| አትክልት፣ ኮምጣጣ | ኮባቺ | 9–12 | ፖርሲሊን | ብዙ ዓይነት ማብዛት |
| ሩዝ | ጎድጓዳ | 11–12 | ሁለቱም | ክብደት |
| ሾርባ | ጎድጓዳ | 11–12 | የተቀባ እንጨት | ፖርሲሊን መሆኑ |
| ዶንቡሪ / ራመን | ጥልቅ ጎድጓዳ | 15–17 / 19–21 | ወፍራም ፖርሲሊን ወይም ሸክላ | አንዱን ለሁለቱም ማድረግ |
| ካሪ | ጠርዙ ቀጥ ያለ | 22–24 | ፖርሲሊን | ጠርዙ ዝርግ መሆኑ |

ለማን የትኛው

አንድ ሳህን ብቻ መግዛት የሚፈልግ ሰው ጠርዙ 3 ሴንቲ ሜትር ቀና ያለ 21 ሴንቲ ሜትር ፖርሲሊን ይግዛ። ኑድል ጥብስም፣ ኒሞኖም፣ ካሪም፣ ሰላጣም ይቻለዋል። ፍጹም የሚሆነው ለአንዱም አይደለም፤ የማይሆነውም ለጥቂቱ ነው።

ገንዘብ ለሚቆጥር፦ ለአንድ ሰው አምስት ዕቃ ይበቃል። የሩዝ ጎድጓዳ፣ የሾርባ ጎድጓዳ፣ 15 ሴንቲ ሜትር ሳህን፣ ከላይ ያልነው 21፣ አንድ ኮባቺ። የሚኖና የሃሳሚ የፋብሪካ ሥራ ለዚህ በቂ ነው። ጃፓን ያለ ሰው ማሜዛራውንና ኮባቺውን ከ100 የን ሱቅ ቢገዛ የሚጎድልበት ነገር የለም፤ ቁጠባው በእነዚህ ላይ ይሁንና የሾርባውን ዕቃ ጥሩ ያድርገው።

መካከለኛ አቅም ላለው፦ በዚያ ላይ ናጋዛራና በእጅ የተሠራ አንድ 18 ሴንቲ ሜትር የሸክላ ጎድጓዳ ይጨመራል። በእጅ የተሠራ ዕቃ ለሁሉም ሰው በየተራ መግዛት አያስፈልግም፤ መሀል ገበታ ላይ የሚቀመጠው አንዱ ብቻ ቢሆን ሌሎቹን ተራ ነጭ ሳህኖች ይዞ ይቆማል። ገንዘብ ላለው ደግሞ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፦ ብዙ ሰው ትልቁን ባለ ወርቅ ሥዕል ሳህን ይገዛል፣ በዓመት ሁለቴ ያወጣዋል። በዚያው ገንዘብ በእውነተኛ ኡሩሺ የተቀባ የእንጨት ጎድጓዳ ቢገዛ በየቀኑ ከከንፈሩ ጋር ይገናኛል።

ለስጦታ ከሆነ ቁጥሩን ልብ ይበሉ። ጃፓን ውስጥ ሳህን በተለምዶ የሚሸጠው በአምስት ነው፤ አራት ቁጥር ከሞት ጋር በድምፅ ስለሚመሳሰል ይሸሻል። ለባልና ሚስት አንዱ ትልቅ አንዱ አነስ ያለ የሩዝ ጎድጓዳ ጥንድ ይሰጣል።

አሮጌ ኢማሪ ከጥንታዊ ዕቃ ሻጭ የሚገዛ ሰው፣ ከልባስ በላይ የተቀባ ቀለም ያለበትን ለኮምጣጤና ለሎሚ ምግብ አያውለው፤ በድሮ ቀለሞች ውስጥ እርሳስ ሊኖር ይችላል። በወርቅ የተጠገነውንም ይጠይቅ፦ ጥገናው በኡሩሺ ነው ወይስ በማጣበቂያ? ኤፖክሲ በተባለው ሰው ሠራሽ ማጣበቂያ የተጠገነ ለምግብ ላይሆን ይችላል።

ሱቅ ውስጥ ሲፈተሽ፣ ቤት ሲገባ

ሳህኑን ዝርግ ነገር ላይ አስቀምጠው በጣት ጫን ጫን ያድርጉት፤ በእጅ የተሠራ ትንሽ ቢወዛወዝ ያለ ነው፣ ካንኳኳ ግን ይተዉት። ጠርዙን በጣትዎ ዙሩት፤ ዓይን የማያየውን ሽርፍ ጣት ያገኘዋል። በጥፍር መታ ያድርጉት፤ ፖርሲሊን የታፈነ ድምፅ ከሰጠ ስንጥቅ አለው። ገልብጠው መቀመጫውን ይዳስሱ፤ ሻካራ ከሆነ ጠረጴዛውንና ከሥሩ የሚደረደረውን ሳህን ይቧጭራል። ቤት ውስጥ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ውሃ እያስነኩ ቢያሹት ይስተካከላል፤ ወይም ሁለት መቀመጫዎችን እርስ በርስ ማፋተግ ይቻላል።

ሸክላው የሚሟሸው እንዲህ ነው። ድስት ውስጥ ከሥር ጨርቅ ያንጥፉ፣ ሳህኑን ያስገቡ፣ ሩዝ የታጠበበትን ነጭ ውሃ እስኪሸፈን ያፍሱበት። ከቀዝቃዛው ይጀምሩ፤ ፈልቶ በቆየ ውሃ ውስጥ መክተት ያሰነጥቀዋል። በዝግታ አፍልተው ለ20 ደቂቃ ያህል ያቆዩት፣ እሳቱን ያጥፉና እዚያው እስኪቀዘቅዝ ይተዉት። ከዚያ አጥበው አንድ ሙሉ ቀን ያድርቁት። የሩዙ ስታርች ቀዳዳዎቹን ይደፍናል። ከዚያ በኋላም ዘይትና ሶያ ሶስ ያለበት ምግብ ከማቅረብዎ በፊት ሳህኑን ጥቂት ደቂቃ ውሃ ውስጥ ነክረው ያውጡት፤ ቀድሞ ውሃ የጠገበ ሸክላ ሌላ አይጠጣም። ለፖርሲሊን ይህ ሁሉ አያስፈልግም።

ሸክላው ከታጠበ በኋላ ወዲያው ቡፌ ውስጥ አይገባም። ልባስ የሌለው መቀመጫው ቶሎ ስለማይደርቅ ተገልብጦ ማደር አለበት፤ እርጥብ ሆኖ ከተደረደረ ይሻግታል። ሽታ ወይም የሻጋታ ነጥብ ከያዘ በ1 ሊትር ውሃ 1 የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ አድርገው፣ እንደ ማሟሸቱ ከቀዝቃዛ ጀምረው 10 ደቂቃ ያፍሉትና ፀሐይ ላይ ያድርቁት። በረኪና አይጠቀሙ፤ ሸክላው ሽታውን ይዞ ይቀራል።